ድልድዩ ይንቀጠቀጣል ያሉት አዋላጅ

የከተማችንን ስም የማልጽፈው ረስቼው አይደለም። እኛ ዘንድ ስም ያለው ነገር ሁሉ ስሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ስም አጠፋ የተባለ ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ሐሙስ ችሎት ፊት ቆሞ ይውላል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ በዚያ ችሎት ሃያ ሁለት ዓመት ስም ጠሪ ነበርኩ። ሥራዬ በሩ ላይ ቆሜ የባለ ጉዳዩን ስም ጮክ ብዬ መጥራት፣ «አቤት» ሲል ደግሞ መዝገቡ ላይ «ቀርቧል» ብዬ መጻፍ ነበር። ከ«አቤት» በኋላ ያለውን መስማት የኔ ሥራ አልነበረም። የእትዬ ደብሪቱን ነገር ግን ሰምቻለሁ፤ ጎረቤቴ ነበሩ።

እትዬ ደብሪቱ አዋላጅ ናቸው። ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ገበያው፣ ችሎቱና ሸንጎው በዚህ በኩል፣ እርሻውና ገሚሱ ሕዝብ በወዲያኛው በኩል ነው። እትዬ ደብሪቱ በሁለቱም በኩል ያዋልዱ ስለነበር ድልድዩን እንደሳቸው የተመላለሰበት ሰው አልነበረም። አንድ ልጃቸው ውብዳር ወንዝ ማዶ ነበር ያገባችው። የማወራላችሁ ነገር ሲጀመር ውብዳር የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

ድልድዩን የሠራው ሰው «ባለ ድልድዩ» ይባላል። በአገራችን ሕግ ድልድይ ሲመረቅ እንደ ሰው ይመዘገባል፤ የልደት ወረቀት ይሰጠዋል፣ በዓመት አንድ ቀን ልደቱ ይከበርለታል፣ ስለዚህም ክብር አለው። ባለ ድልድዩ የክብሩ ጠባቂ ሆኖ በዕድሜ ልክ ተሹሟል። ብሎን የሚጠብቅ ግን አልተሾመም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሸንጎው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው እንደ ልማዱ በመጨረሻ ላይ «ሐሳብ ያለው?» አሉ። እንደ ልማዱ ሁላችንም «ሐሳባችን ከእርስዎ ጋር ነው» ልንል ስንል እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«ድልድዩ መሀሉ ላይ ይንቀጠቀጣል» አሉ። «በስተግራ ሦስት ብሎኖች ላልተዋል። ዝናቡ ሳይጠነክር አንድ ሰው መፍቻ ይዞ ቢያያቸው ጥሩ ነው።»

ይኸው ነው ያሉት። ተቀመጡ። አጠገባቸው ነበርኩና ዞር ብለው አዩኝ፤ ከሦስቱ ብሎኖች አንዱን ባለፈው ሳምንት በጣቴ ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ የነገርኳቸውም እኔው። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከኋላ አሥራ አንድ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ክስ ተከፈተ። ከሳሹ ድልድዩ ራሱ ነው። ስለ ድልድዩ ባለ ድልድዩ፣ ስለ ባለ ድልድዩ ደግሞ ነገረ ፈጁ ቀረበ። ክሱ ስም ማጥፋትና ድልድዩ በራሱ እንዳይተማመን ማድረግ የሚል ነበር። ራሳቸውን የነቀነቁት አሥራ አንዱ «በአንገት በመተባበር» ተከሰሱ፤ በሁለተኛው ሐሙስ ሁሉም ይቅርታ ጠይቀው ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ የሸንጎው ሰው አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መምጣት ጀመረ፤ ሳያስበው እንዳይነቀንቅ።

እትዬ ደብሪቱ ይቅርታ አልጠየቁም። ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሕጉ የሚለውን አነበቡ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ተከሳሿ ስለ ድልድዩ አንድ ቃል እንዳይናገሩ፣ ቃላቸውንም ማንም ወደ ማዶ እንዳያሻግር፣ እሳቸውም ድልድዩ እንዳይሸማቀቅ ከሱ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀው እንዲኖሩ አዘዙ። አንድ ሐሙስ የቀረ ሰው «ዋሽቻለሁ» እንዳለ ይቆጠራል። ውሸታም ሰው ደግሞ በአገራችን ማዋለድ አይፈቀድለትም።

«ክቡር ዳኛ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ «ልጄ ማዶ ናት። ከሁለት ወር በኋላ ትወልዳለች። በድልድዩ ካልሄድኩ ሌላ መሻገሪያ የለም።»

«ወንዙን በእግር የሚሻገሩበት መልካ አለ» አለ ነገረ ፈጁ።

«ቁልቁል ወርዶ በመልካው ዞሮ ልጄ ዘንድ መድረስ አራት ቀን ያስኬዳል። አራት ቀን መሄጃ፣ አራት ቀን መመለሻ፣ ስምንት ነው። ቀጠሮዬ በየሰባት ቀኑ ነው።»

ዳኛው በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። «ልክ ናቸው፣ ስምንት ይሆናል» አሉ።

«ይህ የመንገዱ ችግር እንጂ የከሳሽ ችግር አይደለም» አለ ነገረ ፈጁ።

ለሐሙስ ተቀጠረ።

ውብዳር ለምን ወደ እናቷ አልተሻገረችም የሚል ይኖራል። ከክሱ በፊት እናቷ «ይህ ድልድይ ሳይጠገን በዚህ ሆድሽ እንዳትረግጭው» ብለዋት ነበር። ያንን ቃል የሚሽር ሌላ ቃል መላክ ተከልክሏል፤ ቢፈቀድም አይልኩም ነበር። እሳቸው ራሳቸው የት የት እንደሚረገጥ ያውቃሉ፤ ለራሳቸው አይፈሩም። መልካው ያለበት ቆላ ደግሞ የወባ ንዳድ አለበት፤ ነፍሰ ጡርም ሆነች አራስ አታልፈውም።

የልጅ ልጃቸውን መወለድ የነገራቸው በቅሎ ነጂው ገረመው ነው። ከማዶ ወዲህ ወሬ ማምጣት አልተከለከለም። ጠዋት ላይ ደጃቸው ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ሴት ልጅ ናት፤ ሁለት ቀን አምጣ ነው የወለደችው፤ ደም ፈሷት ነበር፤ አሁን ደኅና ናት» አላቸው።

እትዬ ደብሪቱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ጀርባዋን ማን ደገፋት?»

«ጎረቤቶቿ ነበሩ መሰለኝ።»

«እትብቱን በምን ቆረጡት? አፍልተውታል ወይ ምላጩን?»

«እኔ እንጃ እትዬ፤ እኔ የማውቀው በቅሎ ነው።»

«ልጅቷ ስትወለድ አለቀሰች?»

«እሱንስ ሰምቻለሁ። መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።»

በዚህች አንዲት መልስ ብዙ ቀን ኖሩ። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ስናወራ ከሌላው ነገር መሀል ድንገት «መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር አለ አይደል?» ይሉኝ ነበር። በእጃቸው የተወለደው ሕዝብ ሸንጎውን ሞልቶ ይተርፋል፤ ቀባሪያቸው ሊሆን የሚችለው ሁሉ አንድ ጊዜ በመዳፋቸው ውስጥ አልፏል። የልጃቸው ልጅ ብቻ አላለፈችም።

ልጅቷ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ውብዳር አዝላት ወደ ወንዙ ዳር መውረድ ጀመረች። በዚህኛው ዳር አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ እትዬ ደብሪቱ በየሐሙሱ ከችሎት ሲወጡ እሱ ላይ ይቆማሉ። ሁለት መቶውን እርምጃ እንድለካ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና ትንሽ አጠር አድርጌ ነው የተራመድኩት፤ ድንጋዩ ከተከለከለው ክልል በአንድ ክንድ ወጣ። በዚያ ዘመን ለእሳቸው ያደረግኩት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ወንዙ ይጮኻል፤ ድምፅ አያሻግርም። ሰው ከዚያ ማዶ ሲታይ የአውራ ጣት ያክላል። እናትና ልጅ ይተያያሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ውብዳር ሕፃኗን ወደ ላይ ታነሣታለች። እትዬ ደብሪቱ ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ለመቀበል እንደሚዘረጋ ሰው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው። ከዚያ ያጥፉታል።

«ዛሬ ጥርስ አውጥታለች» አሉኝ አንድ ሐሙስ።

«ከዚህ ሆነው እንዴት አዩት?»

«እናቷ አፏን በጣቷ እየነካች ነበር የምታሳየኝ።»

ሌላ ሐሙስ ደግሞ «ቆመች» አሉ። ከዚያ «ትራመዳለች፤ ግን እግሯን ወደ ውስጥ ትጥላለች፤ ውብዳርም እንዲሁ ነበረች፤ በቅቤ ቢያሹላት ይስተካከል ነበር» አሉ። ቃላቸውን ማሻገር ስለተከለከለ እግሯን ማንም አላሸላትም።

ችሎቱ ላይ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም አልተደረገም። እኔ «ደብሪቱ!» ብዬ እጠራለሁ፣ እሳቸው «አቤት» ይላሉ፣ ነገረ ፈጁ ተነሥቶ «ከሳሽ አልተዘጋጀም» ይላል፣ ለሐሙስ ይቀጠራል። አንድ ጊዜ ድልድዩ ጉንፋን ይዞታል ተባለ፤ ዝናብ ስለመታው። አንድ ጊዜ የድልድዩ ልደት ስለሆነ አዝኖ መዋል የለበትም ተባለ። በዓመቱ ነገረ ፈጁ ወደ እትዬ ደብሪቱ ጠጋ ብሎ አንድ ወረቀት ሰጣቸው። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ ነበርኩ ያነበብኩላቸው። «የተንቀጠቀጠው ድልድዩ አይደለም፤ እኔ ነኝ» ይላል። ከሥሩ የጣት አሻራ ቦታ አለው።

«ቢፈርሙ ነገ ይሻገራሉ» አለ ነገረ ፈጁ። በደግነት ነበር የሚናገረው። «ልጅቷን ያቅፏታል። ማን ይጎዳል?»

ወረቀቱን ይዘው ቤት ገቡ። እስከ ሐሙስ ድረስ ከቤት አልወጡም። እኔ ይፈርማሉ ብዬ ነበር፤ እንዲፈርሙም እመኝ ነበር፤ ቢፈርሙ ጫማዬን ያየሁበት ቀን አብሮ የሚሰረዝ ይመስለኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን እንዳለ አጥፈው ይዘው ወጡ።

«አልፈረሙም?» አልኳቸው።

«ሦስት ጊዜ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ነበር» አሉ። ጣታቸውም ሰማያዊ ነበር። «ብፈርም ነገ እሻገራለሁ። ከዚያ ውብዳር ምን ትላለች? እናቴ ደኅና ነው ብላለች ትልና ልጇን አዝላ በላዩ ትመጣለች። ያን ጊዜ ምን ብዬ ላስቁማት ነው፣ አላምረው?»

መንገድ ሄድን፤ ችሎት ደረስን፤ ስማቸውን ጠራሁ።

በዚህ መሀል ከተማው ዘዴውን ተማረ። ዳቦው አነሰ ያለውን ሰው ዳቦ ጋጋሪው ከሰሰው። ድምፁ ሻክሯል የተባለው ዘፋኝ አድማጮቹን በሙሉ ከሰሰ። የእህል ጎተራውን ጣራ የሠራው ሰው ጣራውን ሽቅብ ያዩትን ሁለት ሴቶች ከሰሰ። አንዱም ከሳሽ ፍርድ አልጠየቀም፤ ሁሉም ቀጠሮ ነበር የሚጠይቁት። በቅሎ ነጂው ገረመው ከድልድዩ መሀል ወድቆ እግሩ ሲሰበር «ወደቀ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ የደፈረ አልነበረም፤ መዝገቡ ላይ «በጎን በኩል ወርዷል» ተብሎ ተጻፈ። ሸንጎው ላይ ሰብሳቢው «ሐሳብ ያለው?» ሲሉ ሰው አንገቱን ጠቅልሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ዓመት ደስ ብሏቸው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የጎተራው እህል በሙሉ በዝናብ በስብሶ ተገኘ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሻርፑን ይበልጥ ጠበቅ አደረገ። ያን ዓመት በልተን የማናውቀውን ቅጠል ቀቅለን በላን።

ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በአንድ ሐሙስ፣ ዳኛው ከወትሮው ቀደም ብለው ችሎት ተቀመጡ። ደብሪቱን ጠራሁ፤ «አቤት» አሉ። ነገረ ፈጁ ሊነሣ ሲል ዳኛው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዛሬ ቀጠሮ አልሰጥም። ማስረጃህን አምጣና አሁኑኑ ልፍረድልህ።»

ነገረ ፈጁ ደነገጠ። «የለም ክቡር ዳኛ፣ ፍርድ አልጠየቅንም።»

«ከሳሽ አይደለህም እንዴ? ከሳሽ ፍርድ አይፈልግም?»

«በአሁኑ ጊዜ አንፈልግም።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እትዬ ደብሪቱን ረዘም ላለ ጊዜ አዩአቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ በትክክል ያዩአቸው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። «እናቴ እኔን ስትወልድ ያዋለዷት የእርስዎ እናት ነበሩ» አሏቸው። ከዚያ ለሐሙስ ቀጠሩ፤ ሕጉ ሌላ ነገር እንዲያደርጉ አይፈቅድም ነበር።

በሚቀጥለው ሸንጎ ዳኛው ራሳቸው ተነሡ። ችሎታቸው ፍርድ በማይፈልጉ ከሳሾች ተሞልቶ ፍርድ የሚፈልግ ሰው መግቢያ እንዳጣ ተናገሩ። ባለ ድልድዩ በማግስቱ ከሰሳቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ የዳኛውን ስም እንድጠራ ታዘዝኩ፤ ጠራሁ። ከወንበራቸው ወርደው ተከሳሽ ቦታ ቆሙና «አቤት» አሉ፤ ከዚያ ወደ ወንበራቸው ወጥተው ለራሳቸው ቀጠሮ ሰጡ። ሁለት ሐሙስ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሐሙስ ደረጃውን መውጣትና መውረድ ጉልበታቸውን ስላደከመው መሀሉ ላይ ተቀመጡ፤ ችሎቱም ቆመ።

ችሎት የሌለበት ከተማ መሆናችንን ሲያዩ ሰብሳቢው ሸንጎውን በአስቸኳይ ጠሩ። ዳኛው የጻፉትን አንድ አጭር ሕግ አስነበቡ። ሰው በሸንጎ በተናገረው ቃል ሲከሰስ፣ ከማናቸውም ቀጠሮ በፊት ከሳሹ በችሎቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቃሉ ሐሰት መሆኑንና የጎዳውም መሆኑን ያሳያል፤ እስኪያሳይ ድረስ ተናጋሪው እንደ ልቡ ይናገራል፣ እንደ ልቡም ይሄዳል። ማሳየት ያልቻለ ከሳሽ፣ ተከሳሹን ያቆመበትን ቀን ያህል እሱ ራሱ ይቆማል። ሕጉ ከዚህ ቀደም ለተከፈተ ክስም ይሠራል።

«ሐሳብ ያለው?» አሉ ሰብሳቢው።

ባለ ድልድዩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ያያል። እትዬ ደብሪቱ በሩ አጠገብ ነበሩ፤ መናገር አይችሉም። ወደኔም አላዩም። እንዳያስገድዱኝ ብለው ይመስለኛል ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ነበር። የተነሣሁት በጀግንነት አይደለም፤ ቢያዩኝ ኖሮ ጫማዬን አይ ነበር፤ ስላላዩኝ የማየው ጠፋኝ።

«ድልድዩ ይንቀጠቀጣል» አልኩ። «ሦስቱ ብሎኖች ላልተዋል። አንዱን በጣቴ አዙሬዋለሁ፤ ለእትዬ ደብሪቱ የነገርኩትም እኔ ነኝ።»

ስም የመጥራት ልማድ ስላለኝ ሳላስበው ጮክ ብዬ ነበር። ገረመው ከኋላ በከዘራው ተደግፎ ተነሣና «እኔም አልወረድኩም፤ ወድቄ ነው» አለ። ከዚያ ጣራውን ያዩት ሁለቱ ሴቶች ተነሡ። ከዚያ ስንት ሰው እንደተነሣ መቁጠር አልቻልኩም፤ ሰው ሻርፑን ሲፈታ ብቻ አያለሁ። ሕጉ እጅ ተቆጥሮ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

በሐሙሱ ነገረ ፈጁ ደጃፉ ላይ ቆመ። ዳኛው የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ሴትዮዋ ይንቀጠቀጣል አሉ። አይንቀጠቀጥም ትላለህ?»

«አይንቀጠቀጥም ክቡር ዳኛ።»

«እንሂድና መሀሉ ላይ ቁምልን።»

ነገረ ፈጁ ወደ ባለ ድልድዩ ዞረ። ባለ ድልድዩ እግሩን እንደሚያመው ተናገረ። ዳኛው መዝገቡን ዘጉ። ሦስት ዓመት የፈጀው ጉዳይ ውኃ ሳይፈላ አለቀ። ባለ ድልድዩ መቶ ሃምሳ አንድ ሐሙስ እየመጣ እንዲቆም ተወሰነበት፤ ስሙን እየጠራሁ እሱም «አቤት» እያለ ጨረሰው። ድልድዩን ሁለት ቀጥቃጮች መፍቻ ይዘው ሄደው እስከ እኩለ ቀን ጠገኑት።

እትዬ ደብሪቱ በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ተሻገሩ። ጓዛቸውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ውብዳር ቤቷ ደጃፍ ላይ ስታያቸው የያዘችውን ወንፊት ጥላ ሮጠች፤ አንገት ለአንገት ተያይዘው ብዙ ቆዩ። ልጅቷ ግን ከበሩ ጀርባ ገብታ ተደበቀች። ትዕግሥት ነበር ስሟ፤ ስሟን ለውጬ አልጽፍም።

«ነይ፣ አያትሽ መጡ» አለቻት ውብዳር።

ልጅቷ በበሩ ቀዳዳ አየቻቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ረጅም፤ ፊታቸው ላይ ሽብሽብ አለ። ራሷን ወዘወዘች። «አያቴ ማዶ ናት» አለች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ትንሽ ክፍተት አድርጋ አሳየቻቸው። «ይህን ታክላለች።»

እትዬ ደብሪቱ የዘረጉትን እጅ መለሱ። ያን ቀን አልነኳትም። ልጅቷ አምስት ቀን ሙሉ አልቀረበቻቸውም፤ የሰጧትን ትቀበልና ትሸሻለች። ሐሙስ ሲደርስ እንደ ልማዷ እናቷን ጎትታ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች። ጥቁሩ ድንጋይ ባዶ ነበር። ልጅቷ እጇን አውለበለበች። ጠበቀች። ደግማ አውለበለበች። ከዚያ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። «ዛሬ አልመጣችም» ትላለች፤ ማባበል አልተቻለም።

እትዬ ደብሪቱ ከኋላዋ ቆመው ይህን አዩ። ለውብዳር በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯትና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ድልድዩን ተሻገሩ። በወዲህኛው ዳር ቁልቁል ወርደው ድንጋዩ ላይ ወጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ውብዳር እንደነገረችኝ ልጅቷ ብድግ አለች። ዘለለች። በሙሉ እጇ አውለበለበች። እትዬ ደብሪቱም አውለበለቡላት፣ ከዚያ ዓይኗ እንዳይለቃቸው ቀስ ብለው ከድንጋዩ ወረዱ። በዳሩ በኩል ሽቅብ ተራመዱ። ድልድዩ ላይ ወጡ። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ቆመው እጃቸውን አነሡ፤ ልጅቷም አነሣች። ትንሿ ሴት እየቀረበች፣ እየተለቀች፣ ፊት እያወጣች መጣች። ወዲያኛው ዳር ላይ ሲደርሱ ልጅቷ እግሯን ወደ ውስጥ እየጣለች እየሮጠች ነበር።